«ጀርም» ስንል ማንን ማለታችን ነው?

ጉንፋን ከያዘኝ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል፣ ራሴን ይወጋኛል። አክስቴ ገብታ አየችኝና ምንም ሳትናገር ወደ መሳቢያዋ ሄደች። ካቻምና ለጥርሷ ታዝዞላት የተረፈ አሞክሳሲሊን ይዛ መጣች። አምስት ፍሬ ቀርቶታል። «ዋጥ አድርጊው የኔ ልጅ፣ ጀርሙን ድራሹን ያጠፋልሻል» አለችኝ። ለእኔ አስባ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አልዋጥኩትም። ለምን እንዳልዋጥኩት ሳስረዳት ደግሞ ጥያቄ ጥያቄን እየወለደ አመሸን። ከዚያ ወዲህ ያን ምሽት ያወራነውን ጽፌ ላስቀምጠው እያልኩ ቆየሁ፤ ምክንያቱም አክስቴ ብቻዋን አይደለችም። ብዙዎቻችን «ጀርም» ሲባል አንድ ዓይነት ነገር ነው ትዝ የሚለን። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው።

ጀርም የምንላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ቢያንስ አራት ወገን ናቸው፦ ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ፈንገስና ፕሮቶዞዋ። በአንድ ስም የምንጠራቸው በዓይናችን ስለማናያቸው ብቻ ነው። አሠራራቸውን ካየን ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሰውና በዛፍ መካከል ካለው ይሰፋል። ፈንገስ ለባክቴሪያ ሳይሆን ለእኛ ይቀርባል። ቫይረስ ደግሞ ሕይወት አለው ወይስ የለውም የሚለው ራሱ ሳይንቲስቶችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ስለዚህ አንዱን የሚገድል መድኃኒት ሌላውን ጨርሶ ላይነካው ይችላል።

ትንሽነታቸውን ለመገመት እንሞክር። አንጀታችን ውስጥ የምትኖረው ኢ ኮላይ የምትባል ባክቴሪያ ርዝመቷ 2 ማይክሮሜትር ያህል ነው። አምስት መቶዎቹን ጫፍ ለጫፍ ብንደረድራቸው አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ፤ በማስመሪያ ላይ ከምናያቸው ትንንሽ ክፍተቶች አንዷን ማለት ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከእሷም ያንሳል። ያቺኑ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት አሥር ሺህ ያህል ያስፈልጋሉ።

ባክቴሪያን መጀመሪያ ያየው ሰው ሐኪም አልነበረም። አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ ይባላል፣ በሆላንድ ዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ትንንሽ ሌንሶችን በገዛ እጁ ይሠራል። ጥርሱን ጠዋት ጠዋት በጨው የሚያሽ ንጹሕ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1683 በጥርሶቹ መካከል ተጣብቆ የቀረውን ነጭ ነገር ፍቆ አወጣ፣ ከዝናብ ውሃ ጋር ቀላቀለው፣ ከሌንሱ ፊት አደረገው። ያየው ነገር ይንቀሳቀሳል! አንዳንዱ ውሃውን እንደ ዓሣ እየሰነጠቀ ይወነጨፋል፣ አንዳንዱ እንደ እንዝርት ይሾራል። በለንደን ላለው የሳይንስ ማኅበር በጻፈው ደብዳቤም አፉ ውስጥ ያሉት እንስሳት በአንድ መንግሥት ከሚኖረው ሕዝብ እንደሚበዙ ነገራቸው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ሰውዬው የበሽታ ምንጭ እየፈለገ አልነበረም። ጤነኛ አፉን ነው ያየው፣ አፉም ሙሉ ነበር። እነዚህ ፍጥረታት በሽታ እንደሚያመጡ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። ሮበርት ኮህ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የአባሰንጋን ባክቴሪያ ለይቶ ያሳየው በ1876 ነው፣ የቲቢን ደግሞ በ1882።

ባክቴሪያ ራሷን የቻለች አንዲት ሴል ናት። ትበላለች፣ ታስወግዳለች፣ ታድጋለች፣ ለሁለት ትከፈላለች። የዘር መመሪያዋ፣ ማለትም ዲኤንኤዋ፣ እንደ እኛ ሴል በኒውክሊየስ ተሸፍኖ አልተቀመጠም፤ ሴሏ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው ያለው። ከውጭ ደግሞ አብዛኞቹ ጠንካራ ግድግዳ አላቸው። ይህን ግድግዳ ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። የእኛ ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም።

ኃይሏ ያለው በመራባቷ ላይ ነው። ኢ ኮላይ ሙቀቱና ምግቡ ከተመቻት በ20 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ትከፈላለች። ማታ በአንድ ሰዓት የበሰለ ምግብ ድስት ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ቀረ እንበል። አንዲት ባክቴሪያ ገባችበት፣ ከማንኪያ ይሁን ከእጅ አናውቅም። ከአንድ ሰዓት በኋላ 8 ናቸው። ይሄ ምንም አይደለም። በሦስተኛው ሰዓት 512 ይሆናሉ። በሰባተኛው ሰዓት ላይ፣ ሁላችንም እንቅልፍ ላይ ሳለን፣ ከሁለት ሚሊዮን አልፈዋል። በአሥረኛው ሰዓት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ናቸው። በርግጥ ሁሉም ባክቴሪያ እንዲህ አይፈጥንም፤ ምግቡ ሲያልቅባቸው፣ ቆሻሻቸው ሲጠራቀምባቸውም ይቆማሉ። ግን «ትናንት ማታ የተሠራ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል» ስንል ይህን ሂሳብ ማስታወስ ጥሩ ነው።

ፍሪጅ እንደማይገድላቸው በደንብ እወቁት፤ የሚያደርገው እርምጃቸውን ማዘግየት ነው። ፍሪዘርም ቢሆን አብዛኞቹን እንዲተኙ ያደርጋቸዋል እንጂ አይጨርሳቸውም። «በደንብ አሙቄ እበላዋለሁ» የሚለውም ሁልጊዜ አያድንም። ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ የምትባል ባክቴሪያ አለች፤ ከሦስት ሰው በአንዱ አፍንጫ ውስጥ በሰላም ትኖራለች። ምግብ ውስጥ ገብታ ከተባዛች መርዝ ታመርታለች። ስናሞቀው ባክቴሪያዋ ትሞታለች፣ መርዙ ግን ቢፈላም አይበላሽም። ያን የበላ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሰዋል። ምግቡ ደግሞ ላይሸት፣ ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ነገር ከመባዛታቸው በፊት መቅደም ነው። ምግቡ ከበሰለ ከሁለት ሰዓት ሳይበልጥ ፍሪጅ ይግባ። ትልቅ ድስት ከሆነ ደግሞ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሉት፤ መሃሉ ለረጅም ሰዓት ለብ ብሎ ስለሚቆይ ለእነሱ ይመቻቸዋል።

አሁን ወደ ቫይረስ እንምጣ። ቫይረስ አይበላም። አይተነፍስም። በራሱ አያድግም፣ አይከፈልም። በፕሮቲን ሽፋን የተጠቀለለ ትንሽ የዘር መመሪያ ነው፣ አንዳንዱ በላዩ ላይ ስስ የስብ ልባስ ይደርባል። በር እጀታ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ምንም አይሠራም። የሚስማማው ሴል ሲያገኝ ግን ይጣበቅበታል፣ ይገባል፣ የሴሉን መሣሪያ ወስዶ የራሱን ቅጂ ማባዛት ይጀምራል። ሴሉ ሥራውን ትቶ የቫይረስ ፋብሪካ ይሆናል። ቅጂዎቹ ወጥተው ወደ ጎረቤት ሴል ይሄዳሉ። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ኤችአይቪ፣ ኮቪድ ሁሉም እንዲህ ናቸው።

ያቺ የአክስቴ አሞክሳሲሊን ለምን እንደማትረዳኝ እዚህ ላይ ይገባችኋል። አሞክሳሲሊን አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት ነው፣ የፔኒሲሊን ዘመድ፤ የሚሠራው የባክቴሪያን ግድግዳ እንዳይጠገን በማድረግ ነው። ባክቴሪያዋ ልትከፈል ስትል ግድግዳዋ ይላላል፣ ውሃ ይገባባታል፣ ትፈነዳለች። የእኛ ሴል ግድግዳ ስለሌለው እኛን በዚህ መንገድ አይጎዳንም። በጣም ብልህ መድኃኒት ነው። ቫይረስ ግን ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚመታው ነገር አያገኝም። ጉንፋኔን ያመጣው ቫይረስ ነው። አምስት ፍሬ ብውጥ፣ አምሳ ፍሬ ብውጥ ጉንፋኔ አንድ ቀን ቀድሞ አይለቀኝም ነበር።

«ታዲያ እኔ ባለፈው ጉሮሮዬን ሲያመኝ አንቲባዮቲክ አዘውልኝ ድኛለሁ» አለች አክስቴ። እውነቷን ነው፣ ይሄም አለ። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ ቢመጣም ስትሬፕቶኮከስ የምትባል ባክቴሪያ የምታመጣው ዓይነትም አለ። እሱ በተለይ በልጆች ላይ በቀላሉ መታየት የለበትም። ካልታከመ አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ የራሱ የልጁ መከላከያ የልብን ቫልቭ እስከ ማጥቃት ይደርሳል። ሁለቱ ሕመሞች ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሳልና ንፍጥ ካለ ወደ ቫይረስ ያደላል፤ ሳል ሳይኖር ድንገት ትኩሳት፣ የአንገት ዕጢ እብጠትና ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር ከታየ ወደ ባክቴሪያ ሊያደላ ይችላል። ግን ይህ ግምት ነው። የሚለየው ምርመራ ነው፣ እሱም ከጉሮሮ ናሙና ወስዶ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። ለዚህ ነው በግምት መዋጥ በሁለት በኩል የሚጎዳው፦ ለማያስፈልገው እንሰጣለን፣ ለሚያስፈልገው ደግሞ በቂ ሳንሰጥ እንቀራለን።

ፈንገስን ቶሎ ልለፈው። ዳቦ የሚያስነሳው እርሾ፣ የቆየ ምግብ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ ቆዳ ላይ ክብ ሠርቶ የሚያሳክከው ጭርትም ፈንገስ ናቸው። ሴላቸው ከእኛ ሴል ጋር ስለሚመሳሰል እነሱን መትቶ እኛን የማይነካ መድኃኒት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የፈንገስ መድኃኒቶች ጥቂት የሆኑት በዚህ ነው። ፕሮቶዞዋ ደግሞ ባለ አንድ ሴል ናቸው፣ ግን ከባክቴሪያ በጣም የተራቀቁ። ወባ የሚያመጣው ፕላዝሞዲየም፣ ተቅማጥ የሚያመጡት አሜባና ጃርዲያ ከዚህ ወገን ናቸው። ለእነሱም የየራሳቸው መድኃኒት አለ።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስን። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ምንም አያደርጉንም። ብዙዎቹ እንዲያውም ያለ እነሱ የሚከብደንን ሥራ ይሠሩልናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ስሌት በአንድ ጎልማሳ ሰው ላይ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ እንዳለ ገምቷል። የራሳችን ሴሎች 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። በቁጥር እንስተካከላለን ማለት ይቻላል። በክብደት ግን ትንሽ ስለሆኑ ሁሉም ተሰብስበው ከሩብ ኪሎ አይበልጡም። አብዛኞቹ ያሉት ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

እዚያ ምን ይሠራሉ? እኛ መፍጨት የማንችለውን አሰር፣ ማለት የአትክልትና የጥራጥሬ ቃጫውን፣ ይበሉታል። ከበሉት የሚያወጡት ንጥረ ነገር የአንጀታችንን ግድግዳ ሴሎች ይመግባል። ደም እንዲረጋ የሚያስፈልገንን ቫይታሚን ኬ ያመርታሉ። አራስ ልጅ እንደተወለደ የቫይታሚን ኬ መርፌ የሚወጋበት አንዱ ምክንያት አንጀቱ ገና እነሱን አለመያዙ ነው። ሌላ ሥራም አላቸው፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። ቦታውን ይዘው ይቀመጣሉ። ጎጂ ባክቴሪያ ስትመጣ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፣ ምግቡም ተበልቷል።

አንቲባዮቲክ ስንወስድ መድኃኒቱ ጥሩና መጥፎ አይለይም። የሚያገኘውን ሁሉ ይመታል፣ ወንበሮቹም ባዶ ይሆናሉ። መድኃኒት ስንጀምር ብዙዎቻችንን ተቅማጥ የሚይዘን በዚህ ምክንያት ነው። ባሰ ሲል ደግሞ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የምትባለው ባክቴሪያ ባዶውን ቦታ ትወርሰዋለች፤ ብርቱ የአንጀት ቁስለት ታመጣለች፣ በተለይ አረጋውያንን ትገድላለች። እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሕመም በደንብ የሠራው ሕክምና ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትደነግጣላችሁ፦ ከጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር ባክቴሪያውን ወስዶ ለታማሚው መስጠት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ይህን ከመድኃኒቱ ጋር ሲያወዳድር ልዩነቱ በጣም ስለሰፋ ጥናቱ ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ ቆመ። ማለት ታማሚዎቹን ያዳናቸው ተጨማሪ ገዳይ ሳይሆን ነዋሪዎቹን መመለስ ነው።

ቦታም ወሳኝ ነው። ኢ ኮላይ አንጀት ውስጥ ሳለች አብዛኛውን ጊዜ ሰላማዊ ናት። ያቺው ባክቴሪያ ወደ ሽንት ቧንቧ ከተሻገረች ግን ሽንት ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ይደፈርሳል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን በብዛት የምታመጣው እሷ ናት። ሴቶችን አብልጦ የሚያጠቃው ንጽሕና ስለሚጎድላቸው አይደለም። የሽንት ቧንቧቸው አጭር ስለሆነ ነው፤ መንገዱ ለባክቴሪያዋ ቅርብ ነው። በዚህ የተሸማቀቁ ስንት ሴቶች እንዳሉ ስለማውቅ ነው ጠበቅ አድርጌ የምጽፈው።

እስቲ አንዲት ትንሽ ቁስል ቀርበን እንያት። ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላዋ ጣታችሁን ቆረጠው። ቆዳው ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች በተከፈተው ገቡ። የተጎዱት ሴሎች ወዲያው ኬሚካል ይለቃሉ፣ እንደ ጩኸት ነው። በአካባቢው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ብዙ ደም ስለሚመጣ ጣቱ ይቀላል፣ ይሞቃል። የደም ሥሩ ግድግዳ ይሳሳል፤ ፈሳሽ ስለሚያሳልፍ ጣቱ ያብጣል። ነርቮቹ ይነቃሉ፣ መምታት ይጀምራል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በላላው ግድግዳ ሾልከው ይደርሱና ባክቴሪያዎቹን እየዋጡ መፍጨት ይጀምራሉ። ራሳቸውም ይሞታሉ። በማግስቱ የምታዩት መግል በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። መቅላቱን፣ ማበጡንና መሞቁን ያደረገው እንግዲህ ባክቴሪያዋ አይደለችም፤ የራሳችሁ ሰውነት ነው። ቅላቱ ከቁስሉ አልፎ ወደ ክንድ እየተሳበ ከሄደ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁ ግን ጦርነቱን ባክቴሪያዋ እያሸነፈች ነውና ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ትኩሳትም እንዲሁ የራሳችን ሥራ ነው። ነጭ የደም ሴሎቹ ወደ አንጎል መልእክት ይልካሉ፣ አንጎል የሙቀቱን ልክ ከፍ ያደርገዋል። ሰውነታችን 37 ዲግሪ ላይ ሆኖ ልኩ 39 ከተባለ ራሱን እንደ በረደው ይቆጥራል። ለዚህ ነው ትኩሳቱ ሊወጣ ሲል የምንንቀጠቀጠውና ብርድ ልብስ የምንደርበው። ሙቀቱ ከፍ ሲል ብዙ ተሕዋስያን መባዛት ይከብዳቸዋል፤ የመከላከያ ሴሎቻችን ደግሞ ይፈጥናሉ። ጎልማሳ ሰው ትንሽ ትኩሳት ሲኖረው መደናገጥ የለበትም። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰው ግን ለነገ አይባልም፣ ወዲያው ሐኪም ጋ ነው።

ተሕዋስያን የሚጎዱን በአንድ መንገድ አይደለም። ኮሌራን ተመልከቱ። ባክቴሪያዋ ወደ ደም አትገባም፣ አንጀትን አትቦረቡርም። መርዟ የአንጀት ሴሎችን የጨው በር ከፍቶ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ጨው ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ውሃ ጨውን ይከተላል። በጣም የጠናበት ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ሊሞት ይችላል፣ የሚገድለው የውሃው ማለቅ ነው። ደግነቱ ሌላ በር አለ። ስኳርና ጨው አብረው ሲመጡ የሚገቡበት በር በመርዙ አይዘጋም። ኦአርኤስ፣ ማለትም ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የስኳርና የጨው ዱቄት፣ የሚሠራው በዚያ በር ነው፤ ስኳሩ ጨውን ይዞ ይገባል፣ ውሃውም ይከተላል። ስኳሩ ለማጣፈጫ የተጨመረ ይመስላችሁ ከነበረ፣ አይደለም። ያለ እሱ በሩ አይከፈትም። ልኩም መጠበቅ አለበት፤ ስኳር ከበዛ ውሃውን መልሶ ወደ አንጀት ይስበዋል።

መንጋጋ ቆልፍ ሌላ ነው። «የዛገ ምስማር ወጋው» እንላለን፣ ዝገቱ ግን ምንም ጥፋት የለበትም። ባክቴሪያዋ አፈር ውስጥ ጠንካራ ዘር ሆና ለዓመታት ትተኛለች። ጥልቅና አየር የማይገባበት ቁስል ስታገኝ ትነቃለች። መርዟ በነርቭ ተጉዞ አከርካሪ ይደርሳል፣ ጡንቻን «ላላ» የሚለውን ትእዛዝ ይዘጋል። ጡንቻ ሁሉ እንደተኮማተረ ይቀራል። አዲስ እሾህም፣ ንጹሕ የሚመስል የእንጨት ስንጥርም ሊያመጣው ይችላል። መፍትሔው ክትባቱ ነው፣ እሱም በየጊዜው መታደስ አለበት፤ በሽታው ይዟችሁ ብትድኑ እንኳ ለሚቀጥለው መከላከያ አይሆናችሁም።

ቲቢ ደግሞ ትዕግሥተኛ ናት። ኢ ኮላይ በ20 ደቂቃ የምትሠራውን ለመሥራት እሷ አንድ ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጅባታል። የሚውጧት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ገብታ ሳትፈጭ ትኖራለች። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በሰውነቱ ይዟት እንደሚኖር ይገመታል፤ ከእነሱ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶ ከአምስት እስከ አሥሩ ናቸው። ሌሎቹ አይታመሙም፣ ለሰውም አያስተላልፉም። መድኃኒቱ ወራት የሚወስደው በዚሁ ዝግታዋ ነው። የተኛችውን ለማግኘት እስክትነቃ መጠበቅ አለበት።

አክስቴ ወደ መጨረሻው የጠየቀችኝ ጥያቄ ይሄ ነበር፦ «እሺ፣ ባይጠቅምሽም አይጎዳሽም፣ ብትውጪው ምን አለበት?» አንጀቴ ላይ የሚያደርገውን ነግሬያታለሁ። ሁለተኛው ግን ይከፋል።

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲባል ሰምታችኋል። የሚለምደው ሰውነታችን አይደለም፣ ባክቴሪያዋ ናት። አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ባለበት፣ ሲከፈሉ በሚፈጠር ትንሽ የቅጂ ስህተት ምክንያት፣ ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የሚቋቋም ነገር ይዘው ይወለዳሉ። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ይሄ ምንም አይጠቅማቸውም ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ ግን ሌላው ሁሉ ያልቃል፣ እነሱ ይቀራሉ፣ ቦታውና ምግቡ የእነሱ ይሆናል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ባክቴሪያዎች ይህን ችሎታ ለልጆቻቸው ብቻ አያወርሱም። ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ገልብጠው ለጎረቤት ይሰጣሉ፣ ዘመዳቸው ላልሆነችም ጭምር። አንጀቴ ውስጥ ምንም ሳታደርገኝ የምትኖር ባክቴሪያ የተማረችውን ነገ ለምትገድል ባክቴሪያ ልታስተላልፍ ትችላለች። ጉንፋን ላይ ሁሉ አንቲባዮቲክ በዋጥን ቁጥር ይህን ትምህርት ቤት እየከፈትንላቸው ነው።

ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህን ተናግሮ ነበር፤ ሰዎች ያለ ልኩ ትንሽ ትንሽ እየወሰዱ ባክቴሪያውን ያለማምዱታል ብሎ ሰጋ። የፈራው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። ይህ ቁጥር የሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስላቸው ያመረቀዘባቸውን ሰዎች ያካትታል። መድኃኒቱ ነበረ፣ ተሰጣቸው፣ አልሠራም። ሐኪም ሲያዝላችሁ በታዘዘው ልክ፣ በታዘዘው ሰዓት፣ እስከ ታዘዘው ቀን ውሰዱ። ለሌላ ሰው አታካፍሉ። ካልታዘዘ አትጠይቁ፤ «ይሄ ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልግሽም» ብሎ የሚመልሳችሁ ሐኪም ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው።

ለቫይረስ በጣም የሚሠራልን መሣሪያ ክትባት ነው። ነጭ የደም ሴሎቻችን አንዴ የተዋጉትን ጠላት መልክ የሚይዙ አሉባቸው፤ ክትባት በሽታውን ሳያመጣ መልኩን ያሳያቸዋል። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 በላም ፈንጣጣ የጀመረው ነገር በ1980 ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ተብሎ እስኪታወጅ አደረሰን። ኩፍኝን በቀላሉ የምታዩት ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አንድ የታመመ ልጅ ካልተከተቡ ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑት ሊያስተላልፍ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ የመከላከያ ሴሎቹን ትዝታ ይሰርዛል። ልጁ ከኩፍኝ ቢድንም ድሮ የሚቋቋማቸውን ሌሎች በሽታዎች እንደገና ከሀ መጀመር ይኖርበታል።

ሳሙና ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1847 ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም ቪየና ውስጥ በሚሠራበት ማዋለጃ ወላዶች በትኩሳት በብዛት ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ሬሳ መርምረው በቀጥታ ወደ ወላዷ እንደሚሄዱ አስተዋለ። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ወር ከመቶ 18 ያህል የነበረው ሞት በወራት ውስጥ ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። ባክቴሪያን አይቶ አያውቅም፤ ያየው የእናቶቹን ቁጥር ብቻ ነው። ባልደረቦቹ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም።

የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት። ቅባት ወዳዱ ጫፍ እንደ ኮቪድና ኢንፍሉዌንዛ ያሉ ቫይረሶች የለበሱትን ስስ የስብ ልባስ ውስጥ ገብቶ ይተረትረዋል፣ ቫይረሱ ይበታተናል። ባክቴሪያውን ደግሞ ከነተጣበቀበት የእጅ ቅባት አላቆ ለውሃው ያስረክበዋል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ 20 ሰከንድ የሚባለው ለዚያ ነው። እጃችሁን ስትታጠቡ የጣታችሁን ጫፍ፣ የጥፍራችሁን ሥር፣ አውራ ጣታችሁን ተመልከቱ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት እነሱ ናቸው። ለእጅ መታጠቢያ ተራ ሳሙና ይበቃል፣ «ፀረ ባክቴሪያ» የሚል የተጻፈበት የግድ አያስፈልግም።

አክስቴ አምስቱን ፍሬ መልሳ ጠቀለለቻቸው። «እንግዲያ ለዚህ ለጉንፋንሽ ምን ላድርግልሽ?» አለች። ትኩስ ነገር አፍልታልኝ ትኩሱን ጠጣሁ፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ ራሴን ሲያመኝ ፓራሲታሞል ወሰድኩ፣ ተኛሁ። ትንፋሽ ቢያጥረኝ፣ ደረቴን ቢወጋኝ ወይም ተሽሎኝ ሳለ ትኩሳቱ እንደገና ቢነሳ ሐኪም ጋ እንደምንሄድ ተስማማን፤ አንዳንዴ ቫይረሱ ያደከመው ሳንባ ላይ ባክቴሪያ ትደርብበታለች፣ ያኔ አንቲባዮቲክ በትክክል ያስፈልጋል። አልደረሰም። በሰባተኛው ቀን አፍንጫዬ ተከፈተ፣ ሳሉ ግን ሌላ አንድ ሳምንት ቆየብኝ።